ለእማሆይ የሰጠሁት በርሜል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ደጄ ሰው አላጣም። ደብረ ታቦር ውስጥ አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ሲገዛ እኔን አያማክርም፤ ደጅ የሚቀመጥ የቆሻሻ ዕቃ ሊገዛ ሲል ግን «እትዬ ታንጉት፣ የቱ መጠን ይሻለናል?» ብሎ ይመጣል። በቀደም ዕለት ሁለት ሙሽሮች መጡ። ገበያ ላይ አረንጓዴ፣ ባለ ጎማ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ፕላስቲክ አይተው ልባቸው ሄዷል።

«ስንት ናችሁ?» አልኳቸው።

«ሁለት።»

«በግ፣ ዶሮ አላችሁ?»

«ሦስት በጎች አሉን።»

«የምታነዱት እንጨት ነው ወይስ በመብራት ነው የምትሠሩት?»

ሙሽራዪቱ ሣቋ አመለጣት። ንስሐ የገባች መስሏታል። «አንዳንዴ እንጨት፣ አንዳንዴ መብራት» አለችኝ።

«እሺ፣ ሲሞላ ወደ መንገድ የሚያወጣው ማነው?»

እሷ ወደ እሱ ጠቆመች፤ እሱ ወደ እሷ። «በሉ መጀመሪያ እሱን ተስማሙና ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሲሄዱ ብቻዬን ሣቅሁ፣ ኮራሁም። ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ሌላው የሚጠይቀው ዕውቀት ሆኖ ያየ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቆሻሻ ላይ ነው፤ ስናገረው አላፍርም።

የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው አስፋልት የእኔና የአምስት ሴቶች ድርሻ ነበር። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው የማለዳ ብርድ ጣት ያደርቃል፤ ቢሆንም ባጃጁ መንገዱን ሳይሞላው መጨረስ ነበረብን። ገጠር ያሉት ዘመዶቼ «ታንጉት ከተማ ገብታ የመንግሥት ሥራ ይዛለች» ይሉ ነበር እንጂ ሥራው ምን እንደሆነ አይናገሩም። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቁኝ «እጠርጋለሁ» ብዬ መለስኩላቸው። አክስቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ሽማግሌው ግን «መልካም፤ ከሚያቆሽሽ የሚጠርግ ይሻላል» አሉና አፏን አስያዙልኝ።

ከዚያ ገበያው ላይ ተመደብኩ፤ ገበያ ሲበተን የሚቀረውን ጭድ፣ የጎመን ቅጠልና ፌስታል ስንዝቅ ዓመታት አለፉ። ቀጥሎ ቤት ለቤት በጋሪ መሰብሰብ መጣ። አለቃ በየጊዜው ተቀያየረብኝ፤ አንዱ ሪፖርት የሚወድ፣ አንዱ ስብሰባ የሚወድ፣ አንዱ ደግሞ አፍንጫውን ይዞ የሚያናግረን ነበር። የደመወዙን ነገር ተዉት። ሥራውን ያስተማረኝ ግን ከአለቆቼ አንዱም አይደለም፤ የጋሪያችን መሪ የነበሩት አያ ደምሌ ናቸው።

አያ ደምሌ ከገጠር የመጡ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። የአንድን ቤት ዕቃ ከመገልበጣቸው በፊት በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ይመዝኑታል። ከዚያ በጆሮዬ «እዚህ ቤት እንግዳ ሰንብቷል» ይሉኛል፤ ወይም «እዚህ ቤት ሰው ታሟል።» ተሳስተው አላየሁም። አንድ ቀን ከአንድ የተከበሩ ሰው ደጅ ብዙ የቢራ ጠርሙስ አግኝቼ ጮክ ብዬ ስስቅ ጋሪውን አቁመው ዞሩብኝ።

«ታንጉት፣ የሰው ጉድፍ የሰው ገበና ነው። የሰው ገበና አደባባይ ልታወጪ ነው?»

ከዚያ ወዲህ የማንንም ቤት ቆሻሻ ለማንም አላወራሁም። ከዚህ በታች የአንዲት እናት ነገር ብጽፍ ራሳቸው «ጻፊው፣ ሌላው ይማርበት» ብለው ስለፈቀዱልኝ ነው።

አያ ደምሌ ልክ የሚያወጡበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ዕቃ ልገዛ ነው ላላቸው ሰው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይሰጡታል። ጋሪያችን የሚመጣው በየአራት ቀኑ ነው፤ በአራተኛው ቀን ቆሻሻው ከረጢቱ ላይ የደረሰበትን ከፍታ በከሰል ያሰምራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግሙና ከላይኛው መስመር አንድ ስንዝር ጨምረው «በቃ ልክህ ይህ ነው» ይሉታል። ስንዝሯ ለእንግዳ፣ ለዝናብና ለስንፍና ናት። በበዓል ሰሞን ፈጽሞ አይለኩም። በፋሲካ የበግ ቀንድና የዶሮ ላባ ተከምሮ ያየ ሰው ጎተራ የሚያህል ይገዛና ዓመቱን ሙሉ ከሥሩ ሲሸትበት ይኖራል። «ለድግስ ከረጢት ይበቃል፤ ዕቃ የሚገዛው ለተራው ረቡዕ ነው» ይሉ ነበር።

ቀሪውን ቤት ለቤት ስዞር ራሴ ተማርኩት። በግ ያለው ቤት የድንች ልጣጭ አይጥልም፤ ላም ያለው አተላ አይደፋም፤ ጓሮ ያለው አመዱን ለጎመኑ ያደርገዋል። ለእነዚህ ትንሽ ዕቃ ይበቃቸዋል። ለተማሪ ያከራየ ግቢ ደግሞ ቆሻሻው አይከብድም፣ ቦታ ግን ይፈጃል፤ የውሃ ጠርሙስና ፌስታል ነው፤ ለእሱ ትልቅ ዕቃ ያሻል። እንጨት የሚያነድ ቤት ፕላስቲክ አይግዛ፤ በደንብ ያልበረደ አመድ ቂጡን አቅልጦ ይጥልለታል። ክዳን የሌለው ዕቃ በክረምት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክዳኑ እንዳይሆን ሆኖ ከቀለለ ደግሞ ውሻና ጅብ ይጫወቱበታል።

ከሁሉም በላይ ግን አያ ደምሌ አንድ የማያፈርሱት ሥርዓት ነበራቸው። ዕቃውን በእርጥብ አመድ ይሞሉና ወደ መንገድ የሚያወጣውን ሰው ፊታቸው ያስነሡታል። ካልቻለ ሌላ ያመጣሉ። ባለጸጋም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን ሳያነሣ አይሰጡም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የቤት ለቤቱ ሥራ በእኔ እጅ ገባ። አንድ ዓመት መሥሪያ ቤታችን ለነዋሪው የሚታደል ዕቃ አመጣ፤ ሙሉ በርሜል፣ ከወገቡ የተቆረጠ ግማሽ በርሜል፣ የዘይት ቆርቆሮም ነበረበት። ለማን የቱ እንደሚሰጥ የምወስነው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሰጥቼ በሳምንቱ ስዞር አንዷ ቤት ክዳኑን ብከፍት እስከ አፉ ገብስ ሞልቶበታል።

«እንዴ! ቆሻሻውስ?» አልኩ።

«ምን ነካሽ ታንጉት! ይህን የመሰለ ዕቃ ቆሻሻ ልጨምርበት? እግዜሩስ ምን ይለኛል?»

ጎረቤቷ ደግሞ ውሃ አጠራቅማበታለች። ቀጥ ብዬ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ሄድኩና የቀሩትን ሁሉ ቂጣቸውን በምስማር አስበሳሁ። ቀዳዳው የዝናቡን ውሃ ያወርዳል፣ ገብስ የማስቀመጡንም ፍላጎት አብሮ ያወርዳል። በዚህች ብልሃቴ ዛሬም እኮራለሁ፤ ያኔ ግን ከልክ በላይ ሳልኮራ አልቀረሁም።

እማሆይ ወለተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዳገት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ፤ አንድ ልጃቸው ሙሉቀን ባሕር ዳር ይሠራል። በሰፈሩ ጉልበታቸውን ሳይስም የሚያልፋቸው የለም። ከቤታቸው የሚወጣውን አውቀዋለሁ፤ ጥቂት አመድ፣ የምስር ገለባ፣ የጧፍ ቁራጭ፣ ሲፈትሉ የሚወድቅ ብጣሽ ጥጥ ነው።

የተበሱትን ባደልንበት ቀን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ለካ ሰው የሚያየው ዕቃው የሚሰጠውን አገልግሎት ሳይሆን ማን ትልቅ እንደደረሰውና ማን ትንሽ እንደደረሰው ኖሯል። የእማሆይ ተራ ሲደርስ እጄ ወደ ዘይት ቆርቆሮዋ ሄደ።

«ለእማሆይ ቆርቆሮ?» ብሎ አንዱ ከኋላ አጉረመረመ።

«ኧረ ነውር ነው! ለእናታችንማ ትልቁን ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ።

እጄ ተመለሰ። በእኛ አገር ለታላቅ ሰው ትንሽ መስጠት ማዋረድ ነው፤ ማዕድ ላይም ቢሆን፣ መቀመጫም ላይ ቢሆን እንዲሁ ነው። እኔም ለክብራቸው ብዬ ሙሉውን በርሜል ሰጠኋቸው። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው አደረሱላቸው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እማሆይ መረቁኝ። «እስቲ ያንሡት» አላልኳቸውም። መነኩሲት ፊት እርጥብ አመድ ሞልቼ እንዲህ ማለት እንዴት ይሆንልኛል ብዬ ነበር።

ክረምቱ ገባ። እማሆይ በርሜሉን አንድም ቀን ወደ መንገድ አላወጡትም። ባለፍኩ ቁጥር «ገና አልሞላም ልጄ፤ ጎደሎ ዕቃ ሰው ፊት አላወጣም» ይሉኛል። ጎረቤት ልድፋልዎት ሲላቸው «ጉድፌን ሌላ አይሸከምልኝም፤ የራሱ ይበቃዋል» ብለው ይመልሱታል። አልከነከነኝም ብል እዋሻለሁ፤ ከንክኖኝ ዝም አልኩ። ክዳኑ ከብዷቸው ገለጥ አድርገው ትተውት ኖሮ ዝናቡ ገባበት፤ ያ የኮራሁበት የምስማር ቀዳዳም በአመድ ተደፈነ። ሐምሌ ላይ ግቢያቸው መሽተት ጀመረ። በዚያው ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበር፤ ማኅበርተኛው ክርፋት መሐል እንዳይቀመጥ ብለው በማለዳ ብቻቸውን ሊጎትቱት ተነሡ። ጭቃው ላይ በርሜሉ ተንሸራተተ፤ እሳቸውንም ይዟቸው ወረደ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ።

ወሬውን እንደሰማሁ የሄድኩት ወደ አያ ደምሌ ነው። እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አስነሥተሻቸው ነበር?»

«አላስነሣኋቸውም።»

«ስለ ምን?»

«አፈርኩ፣ አያ ደምሌ።»

«አፍረሽ ሰው ሰበርሽ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከአለቆቼ ብዙ ቁጣ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳላስነሣ ዕቃ ሰጥቼ አላውቅም፤ ቄስ አስነሥቻለሁ፣ ዳኛ አስነሥቻለሁ፣ የገዛ አለቃዬን ከነከረባቱ አስነሥቻለሁ።

ሆስፒታል ስሄድ ሙሉቀን ከባሕር ዳር መጥቶ ራስጌያቸው ቆሟል። «ለአንዲት ለደከመች እናት ሙሉ በርሜል የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያለ ለጠያቂዎቹ ያወራል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሳቸውንም ጠየቅሁ። እማሆይ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። እሱ ግን በጨዋ ደንብ ቢሆንም ቆርጦ ተናገረ፦ «የሆነው ሆኗል፣ እትዬ ታንጉት። ከእንግዲህ ግን ብቻቸውን አይኖሩም። ይዣቸው እሄዳለሁ።»

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አሉ እማሆይ። «ንስሐ አባቴ እዚህ፣ አባትህ የተቀበረው እዚህ። ቅዳሴዬን ትቼ ፎቅ ላይ ልቀመጥልህ?»

ሙሉቀን እናቱን ከመነኮሱ ወዲህ አንቱ ነው የሚላቸው። «እማሆይ፣ ጉድፉን ከደጁ ማውጣት ያቃተው ሰው እንዴት ብቻውን ይኖራል? እስቲ ይንገሩኝ» አላቸው።

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቧንቧው ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ ቀለቡን እሱ ይልካል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው ብዙ አይርቅም። ከቤታቸው የሚያስወጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ ሥራ ነበር። ሙሉቀንን ለመንኩት፦ «እግራቸው ይዳን። ከዚያ መጥተህ አንድ ሳምንት ሰንብት፤ ማንም ሳይረዳቸው ከቻሉ ተዋቸው፣ ካልቻሉ ውሰዳቸው።» እሺ አለኝ።

ጥቅምት ላይ እማሆይ በመቋሚያ መራመድ ጀመሩ። ከበራቸው አጠገብ ከረጢት ሰቀልኩና በየአራት ቀኑ በከሰል አሰመርኩ። ከረጢቱ ላይ የደረሰው ከአንድ ስንዝር ከአራት ጣት አልበለጠም። ቆርቆሮ ሠሪው ጋ ሄጄ ከዘይት ቆርቆሮ አንዲት ዕቃ አሠራሁ፣ በእርጥብ አመድ ሞላኋትና ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«እማሆይ፣ ያንሡት» አልኳቸው።

ቀኝ እጃቸው መቋሚያ ስለያዘ ያነሡት በግራቸው ነው። የሽቦው እጀታ መዳፋቸውን ቆረጠው። ወሰድኩና በቆዳ አስጠቀለልኩት። በሁለተኛው ጊዜ መዳፋቸው ደህና ሆነ፤ ነገር ግን ሲራመዱ የቆርቆሮው ሆድ የታመመውን እግራቸውን መታው። እንደገና ወሰድኩት።

«ለመሆኑ የምታሠሪኝ የቆሻሻ ዕቃ ነው የንጉሥ ዘውድ?» አለኝ ቆርቆሮ ሠሪው።

«ዘውድ ቢሆንማ በቀለለኝ፤ የሚለካው ጭንቅላት ብቻ ነው» አልኩት።

እየሣቀ በእግራቸው በኩል የሚውለውን ጎን ጠፍጣፋ አድርጎ ቀጠቀጠው። ክዳኑን በሽቦ ከአንድ ወገን አሠርነው፤ በክርናቸው ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። እኔ ደግሞ ለማንሣት እንዳያጎነብሱ ከበራቸው አጠገብ እስከ ወገባቸው ድንጋይ ካብኩ፤ መንገዱ ዳር ማሳረፊያ የሚሆን ሌላ ካብኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሲያነሡት ፊታቸው አልተኮማተረም። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩበት።

ከዚያ ዕቃዋን አስቀምጠው አቀረቀሩ። «ታንጉት፣ ሰው ምን ይላል? ከበርሜል ወደ ቆርቆሮ ወረደች አይሉኝም?»

«እማሆይ፣ በርሜሉ ዘንድሮ አይሞላልዎትም፣ ለከርሞም አይሞላም፤ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። በዚህችኛዋ በየአራት ቀኑ የሚያወጡት ሙሉ ዕቃ ነው።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

ፈገግ አሉ። በሥራ ዘመኔ በሕዝብ ፊት ከተሰጠኝ ሽልማት ሁሉ ያቺን ፈገግታ አስበልጣለሁ።

ሙሉቀን በቃሉ መጣና ሰነበተ። እናቱ ሲታጠቡ፣ ሲያበስሉ፣ ቅዳሴ ሄደው ሲመለሱ ዳር ቆሞ አየ። የቀረው የጋሪው ቀን ነበር። በዚያን ቀን ጋሪውን ከዳገቱ ሥር አቁሜ ወደ ላይ ማየት ጀመርኩ። ሙሉቀን እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል።

እማሆይ ዕቃዋን ከካቡ ላይ በግራ እጃቸው አነሡ። መቋሚያውን ቀድመው ይተክላሉ፣ ከዚያ ደህናውን እግር፣ ከዚያ የታመመውን። ሮጬ እንዳልቀበላቸው የጋሪውን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። መሐል ላይ መቋሚያው ከአንድ ጠጠር ላይ ተንሸራተተና እማሆይ ወዝወዝ አሉ። ሙሉቀን ሊሮጥ ተነሣ።

«ተው!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

ቆመ። እሳቸውም ቆሙ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ መቋሚያውን ከጠጠሩ አልፈው ተከሉና ወረዱ። መንገዱ ዳር ደርሰው ዕቃዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጧት፤ ከአፏ በታች ብዙም አልጎደለችም። በክርናቸው ክዳኑን ገፉልኝ። «ይኸው፣ ሙሉ ነው» አሉኝ። ወደ ጋሪው ገልብጬ ባዶዋን ዘረጋሁላቸው።

ሙሉቀን ከኋላ ደርሶ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እማሆይ ቀድመው እጀታዋን ያዙ።

«ተወው፤ እኔ እበቃለሁ» አሉት። «ይልቅ ሻንጣህን ያዝ፤ የባሕር ዳሩ መኪና እንዳያመልጥህ።»